የከሳ የታመመ ፈረስ በቤት ባለ ነገር እንዴት ያገግማል

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ወረዳ፣ አጎቴ ቤት ስሄድ ዳማው ፈረስ ጋጣው ጥግ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጎድኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያክል ገጣባ አለ፣ ዝንብ ወሮታል። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሳር የሚባል አልነበረም፣ ያለችውንም ገለባ በሬዎቹ ጨርሰዋታል። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አንዱ "ይተኮስ" ይላል፣ ሌላው ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በአፍንጫው ይጨመርለት ይላል። አጎቴ ብቻ ግንባሩን እያሻሸ "አብሽር፣ ትድናለህ" ይለዋል። ዳነ ደግሞ። ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ በየደጋው እንዲህ ሆኖ የቆመ ፈረስ ብዙ ነውና።

መጀመሪያ የማይደረገውን ልበል። በአፍንጫው ምንም ነገር አታፍስሱበት። ያ ነገር ቀጥታ ሳንባው ውስጥ ሊገባና የሳንባ ምች ይዞት ሊሞት ይችላል። በጠርሙስ በግድ መጋትም ከዚህ አይሻልም። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም፣ የዋጠው ነገር ክፉ ከሆነ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ኮሶም እንዶድም በግምት አይሰጠውም። ሽንኩርት፣ ነጩም ቀዩም፣ ሲበዛ የፈረስን ደም ይጎዳል። በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ በታመመ ከብት ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው፣ እባካችሁ ይቅር።

ከዚያ ረጋ ብላችሁ እዩት። ጤነኛ ፈረስ አርፎ ሲቆም በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሽንጡን እያያችሁ ቁጠሩ። ልቡ ከ28 እስከ 44 ይመታል፣ ከመንጋጋው ሥር ጣታችሁን ስታሳርፉ ታገኙታላችሁ። ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልኩ ይመለሳል። የአንገቱንም ቆዳ ቆንጥጡት። የኛ ዳማ ቆዳው ተቆንጥጦ እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ። ውሃ ጠምቶት ነበር፣ ያውም ወንዙ ከቤቱ ሥር እየወረደ። አቅም አጥቶ መውረድ አልቻለም፣ የሚያመጣለትም አልነበረም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከውሃ ነው። ትንሹ የአገራችን ፈረስ እንኳ በቀን 20 እና 30 ሊትር ይፈልጋል። የደጋ ውሃ እንደ በረዶ ነው፣ የደከመ ፈረስ አፉን ነክሮ ይተወዋል፣ እናም ለብ አድርጉለት። ሁለት ባልዲ አስቀምጡ። አንዱ ንጹህ ውሃ ይሁን፣ ሌላው ላይ በ10 ሊትር 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው በጥብጡበት። የሚሻለውን ራሱ ይመርጣል። ዳማው የመጀመሪያውን ቀን ጨው ያለበትን ብቻ ነው የጠጣው።

መኖው ላይ ግን ሰው በጣም ይሳሳታል። የከሳ ፈረስ ሲያይ አንጀቱ ይላወስና ገብስ ይሰፍርለታል። ለብዙ ጊዜ የተራበ ፈረስ ድንገት እህል ሲበላ በደሙ ያለው ማዕድን ይዛባል፣ ልቡ ይደክማል፣ በሁለት በሦስት ቀን ሊሞት ይችላል። ከዚያ ቢተርፍ እንኳ ቁርጠት ወይም የሰኮና ሕመም ይይዘዋል። የሚያድነው ድርቆሽ ነው። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ሩብ ኪሎ ያህል ብቻ በየ4 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ስጡት። እኔና የአጎቴ ልጅ ተራ ገብተን በባትሪ መብራት እየተነሳን ነው የሰጠነው፣ እንቅልፉ ይታገላል፣ ግን ልፋቱ ይክሳል። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ መጠኑን ትንሽ በትንሽ እየጨመራችሁ ጊዜውን አራርቁት። ከ10 ቀን በኋላ ድርቆሹን እንደልቡ ይብላ፣ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ይበቃዋል። የሻገተ እንዳይሆን፣ አቧራማ ከሆነም አራግፋችሁ ውሃ እርጩበት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብቻ የተዘፈዘፈ ገብስ በእፍኝ ጀመርን። ፉርሽካ ላይ የተቀቀለ ተልባም እንጨምርበት ነበር፣ አንድ እፍኝ። ተልባው በደንብ መፍላት አለበት፣ በለብ ውሃ ዘፍዝፎ ብቻ መስጠት መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ፀጉሩ ያበራው ከዚያ በኋላ ነው። ጨው በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ወይም አሞሌ አስቀምጡለትና ይላሰው። እያኘከ ጠቅልሎ የሚጥል ከሆነ ግን ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን እየቆረጠው ነው፣ ይህን የሚሞርደው ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ገጣባው። ኮርቻ እየጫኑ ገጣባ ማዳን አይቻልም፣ ይህን ሳንስማማ ሌላውን ማውራት ዋጋ የለውም። ፈረሱ ያርፋል፣ አለቀ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ቁረጡ። ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ በ1 ሊትር 2 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩና በንጹህ ጨርቅ እያፈሰሳችሁ እጠቡት፣ አትፈግፍጉት። ትል ካለ በወረንጦ ልቀሙ። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ አድርቁና ማር ቀቡት። የላስታ ነጭ ማርም ይሁን ሌላ፣ ንጹህ ይሁን እንጂ፣ ስኳር የተደባለቀበት አይሠራም። ማር ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ይይዛል፣ ጀርሙን ይገድላል። ንብና ዝንብ እንዳይከበው በነጠላ ቁራጭ ሸፍኑት፣ በየቀኑም ቀይሩት። የባትሪ ውሃና የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ ሥጋውን ያቃጥላሉ። የኛው ገጣባ በ12ኛው ቀን ዳር ዳሩ መግጠም ጀመረ፣ መሃሉ ላይ ቀይ ሥጋ እንደ ሩማን ፍሬ ብቅ ብቅ አለ። ስናይ እኮ ደስ አለን።

ለጋጣው ደረቅ ጭድ ጎዝጉዙ፣ ፋንድያውን በየጠዋቱ ጥረጉ። ጤነኛ ፈረስ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ፋንድያ ይጥላል፣ ስትጠርጉ ቁጠሩት። ሌሊት ጆንያ አልብሱት፣ ጠዋት ፀሐይ አውጡት። ከተኛ ሳይነሳ ረጅም ሰዓት እንዳይቆይ፣ አቅም ካጣም ጎኑን ገልብጡት።

እንዲህም ሆኖ በቤት የማይሆን ነገር አለ። ሽንጡን እያየ የሚንከባለል፣ ፋንድያ ያቆመ ፈረስ ቁርጠት ይዞታል፣ መኖውን አንስታችሁ እንስሳት ሐኪም ጥሩ። ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ቆሻሻ ላይ የሚግጡ ፈረሶች ፌስታል ውጠው እንዲህ ይሆናሉ። ከዓይኑ በላይ አብጦ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣም አትዘግዩ። እግሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እባጭ ከታየ ከሌሎች ለዩት፣ ልጓሙንና ኮርቻውን ለሌላ ፈረስ አታውሱ። ሰኮናው በሚስማር ከተወጋ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሐኪም ጋር ሂዱ፣ ፈረስን የሚያህል ለዚህ በሽታ የተጋለጠ እንስሳ የለም። የሆድ ትሉንም በክሊኒኩ መድኃኒት እንጂ በቅጠል አትሞክሩ።

ዳማው በሁለተኛው ወር ማብቂያ ሜዳው ላይ ወጥቶ ጀርባውን መሬት ላይ አንከባሎ ተነሳና አቧራውን አራገፈ። አጎቴ ኮርቻውን ገልብጦ አየው፣ ጠንክሮ ገጣባውን ያወጣውን ቦታ አገኘና ፈትቶ በአዲስ ሱፍ ሞላው። እስከዚያ ድረስ ፈረሱ ኮርቻ ሳይጫንበት፣ በባዶ ጀርባ፣ እስከ ወንዙ ወርዶ ይመለስ ነበር። የመጀመሪያ ጭነቱ አንዲት ባዶ ጀሪካን ነበረች።