ከደሴ ሆኖ ደሴት ማየት

ስልካችሁ ላይ ጎግል ኧርዝ ካለ ይቺን ሞክሯት። ደሴን ፈልጉ፣ ከተማው አናት ላይ ያለው የጦሳ ተራራ ሲመጣላችሁ ካርታውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ውሰዱት። ደናክልን በስተቀኝ ትታችሁ ቀይ ባሕር ስትገቡ ከምጽዋ ፊት ለፊት ዳህላክ ይመጣል፤ ከ100 በላይ ደሴቶች። ከእኛ ከተማ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «ውሃ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አትዝጉት፣ ቀለሙን እዩ። ውሃ ቀዩን ብርሃን በጥቂት ሜትር ውስጥ ውጦ ያስቀረዋል፣ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይወርዳል። ስለዚህ ጠቆር ያለው ሰማያዊ ጥልቅ ባሕር ነው፤ ፈካ ያለው ጥልቀት የሌለው አሸዋ። በፈካው መሃል ቡናማ ሆኖ የተዥጎረጎረው ብዙ ጊዜ ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር) ወይም የባሕር ሣር ነው። ሁለቱን ከላይ ሆኖ መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል።

እኔን መጀመሪያ ያሞኘኝ ነጩ ነገር ነው፤ አረፋና ደመና ተምታቱብኝ። ማዕበሉ ኮራሉ ጠርዝ ላይ ሲሰበር የሚሠራው አረፋ ጠርዙን ተከትሎ እንደ ክር ይሄዳል። ደመና ግን ጥላ ይጥላል፣ በሌላ ቀን ምስል ላይም ቦታው ላይ አይገኝም። የጦሳን ጉም እያየ ላደገ ሰው ያሳፍራል!

የሌላ ቀን ምስል ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለው የአውሮፓ የሳተላይት ምስል ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። ምስሉን የሚያነሱት ሴንቲኔል 2 የሚባሉ ሳተላይቶች አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሳሉ። የደመናውን መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ዳታ ስለሚበላ ግን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሁን። ዳህላክን ስትጨርሱ ማልዲቭስን ክፈቱ፣ ቀለበት ቀለበት የሠሩት ደሴቶች እዚያ ናቸው።