ረጅም ሕንፃ ሲጠገን ገንዘብ የሚበሉ ስህተቶች

መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም የማይቀባ ፎቅ የለም ማለት ይቻላል። የዓመቱ የጥገና በጀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ግድግዳውን ያሻገተው ውሃ ከየት እንደመጣ ግን ጠያቂ የለውም።

እርጥብ ግድግዳ መቀባት። ከቀለም ቀቢው በፊት ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። አሸንዳው በቅጠልና በፌስታል ከተደፈነ ውሃው ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ላይ ይተኛና ቀስ ብሎ ወደ ታች ይሰርጋል። በመስኮት ዙሪያ የተሰነጠቀ ሲሊኮንም ያንኑ ያደርጋል። ጠረጋውና ሲሊኮኑ የግንቦት ሥራ ናቸው፤ ቀለሙ ደግሞ ግድግዳው ሲደርቅ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይደርሳል። ለበዓል እንዲያምር ተብሎ በመስከረም የተቀባው በሚቀጥለው ክረምት ይላጣል።

የውሃውን ግፊት መርሳት። ውሃ ወደ ታች በወረደ ቁጥር በየ10 ሜትሩ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር በቀጥታ ውሃ የሚወርድለት ባለ 20 ፎቅ ሕንፃ፣ ማለትም 60 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከታች 6 ባር ገደማ ይደርስበታል። የታችኛው ፎቅ ነዋሪ በየጊዜው ቧንቧ የሚቀይረው ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መፍትሔው በየተወሰነው ፎቅ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ማስገባት ነው። የታንከሩ ተንሳፋፊ መዝጊያ ሲበላሽ ደግሞ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ሞልቶ ለሚፈሰው ውሃም ለመብራቱም ይከፈላል።

ሊፍትን የጭነት መኪና ማድረግ። ሊፍት ሲቆም ሁሉም ሞተሩን ይጠረጥራል፤ በብዛት የሚያስቸግረው ግን በሩ ነው። አንድ ተከራይ ቢሮውን ሲያድስ ሲሚንቶና ሴራሚክ በሊፍት ያመላልሳል፣ አሸዋው የበሩ መሄጃ ውስጥ ይገባል፣ በሩ አልገጥም ሲል ሰው በእጁ ይገፋዋል፣ ከዚያ ባለሙያ ይጠራል። ወለሉን በባልዲ ውሃ የሚያጥብ ጽዳትም ከዚህ አይተናነስም፤ ውሃው በበሩ ሥር ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን ያበላሻል። ሌላው ክፉ ቁጠባ ከብረት ገመዶቹ ያለቀውን አንዱን ብቻ መቀየር ነው። አዲሱና አሮጌው እኩል ስለማይወጠሩ ጭነቱ ያጋድላል፤ የሚቀየሩት በአንድነት ነው።

ጄኔሬተርን በባዶ እያስነሱ መሞከር። ያለ ጭነት ለረጅም ጊዜ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በደንብ ስለማያቃጥል ጥላሸት ያጠራቅማል። ሲሞከር ሸክም ይሰጠው።

ዕቃ ሲሰበር ብቻ መዋጮ መሰብሰብ። በኮንዶሚኒየም ይህ የተለመደ ነው። ምድር ቤት የሚኖረው «እኔ ሊፍት አልጠቀምም» ይላል፣ ስብሰባው ይበተናል። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ግን የጋራ ወጪን የቤት ባለቤቶች ሁሉ እንዲጋሩ ያዛል። ጥቂት ጥቂት በየወሩ ካልተጠራቀመ ፓምፑ የሚገዛው በጥድፊያ፣ በተጠራው ዋጋ ነው።

አሮጌውን ዕቃ ሳይቀበሉ መክፈል። ተቀየረ የተባለው መለዋወጫ ወልቆ ለኮሚቴው ይምጣ፤ ቀኑና የዕቃው ቁጥርም መዝገብ ላይ ይስፈር። በዚህ የሚቀየም ጠጋኝ ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል።