የውሃና የግጦሽ ጠብን ስናበርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁሉ የከፋው ነገሩን ከተፋሰሱ ሳይሆን ከቀበሌ ወሰን መጀመር ነው። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ግመልም ያቋርጠዋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ዝናቡ የጣለው ሩቅ ላይ፣ ዛፍ በተመነጠረበት የሐረርጌ ደጋ ተዳፋት ነበር። ታች ያለው ጎርፍ ሲፈራ፣ ላይ ያለው አፈሩ ታጥቦበት ይደኸያል። የአንድ ተፋሰስ ሰዎች ሆነው ሳለ የሚሰበሰቡት በተለያየ አዳራሽ ነው። የወንዙን ዳር በግንብ ማጠር ያስፈልጋል፤ ሆኖም እርከንና ክትር የሚሠራው የደጋ ገበሬ ካልታገዘ ግንቡ ብቻውን አይችለውም። የገበሬውን የጉልበት ዋጋ ከተማው ሊጋራ ይገባል እላለሁ፤ የሚድነው የእርሱም ቤት ነውና።

ሁለተኛው ጥፋቱን ለአንድ ወገን ማሸከም ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ማብቂያ ሲደርቅ ብዙ ሰው ጣቱን በጫት አምራቹ ላይ ቀሰረ። በእርግጥ የመስኖ ሞተሮቹ ድርሻ ነበራቸው። ግን ሐረርም ከዚያው ትጠጣ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለልም ሐይቁን ሞልቶታል። አስቀድሞ የተፈረደበት ሰው ደግሞ ለስምምነት አይመጣም፣ ለመከላከል እንጂ። ከዚያ ወዲህ ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ወደ ላይ እየተገፋ ይሄዳል። ቧንቧ በደጁ እያለፈ ጀሪካን ተሸክሞ ሩቅ የሚሄድ መንደር ካለ፣ ቀጣዩ ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው። ቁፋሮው ሳይጀመር የዚያ መንደር ድርሻ ይወሰን።

ሽማግሌዎችን ብቻ ማስቀመጥም ይጎዳል። የኦሮሞ የሽማግሌ እርቅ ጃርሱማና የሶማሌ ባህላዊ ሕግ ሄር ደም ያደረቁ ሥርዓቶች ናቸው፤ ያለ እነርሱ እርቅ አይጸናም። ይሁን እንጂ የትኛው ምንጭ ቀድሞ እንደሚነጥፍ የምታውቀው ውሃ ቀጂዋ ሴት ናት፤ እርሷ ግን ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ጥላ ውጭ ትቆማለች።

ድርቅ ከገባ በኋላ ለድርድር መቀመጥ ዘግይቶ መምጣት ነው። ከብቱ በተራበ ጊዜ ማንም አይታገሥም። ሣር ባለበት ክረምት ላይ የትኛው ግጦሽ እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ የማን መንጋ ቀድሞ እንደሚገባ ይነገር።

በመጨረሻ፣ ኮረብታን ለደን ከልሎ ለከብት ምንም አለመተው አለ። እረኛው አጥሩን በሌሊት ይከፍተዋል። ሣሩን አጭዶ እንዲወስድ፣ ለመንጋውም መተላለፊያ እንዲኖረው ከተደረገ፣ ችግኙን የሚጠብቀው ራሱ ነው።