አቆስጣን በጎንደር ብርድ ማርባት፦ ከገንዳው በፊት መኝታው

አቆስጣ (ውሃ ዳር የሚኖር፣ ዓሣ አዳኝ እንስሳ) ሊያረባ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ገንዳ ላይ ይጨርሳል። አቆስጣ ግን ወፍራም ስብ የለውም፤ ከብርድ የሚያስጥለው ጥቅጥቅ ያለው ጸጉሩ የሚይዘው አየር ነው። ከውሃ ወጥቶ ገላውን የሚያሽበት ደረቅ ነገር ካጣ ጸጉሩ ይርሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሳንባ ምች ይከተላል። በጎንደር ሐምሌና ነሐሴ የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ለአንድ ጥንድ ትናንሽ የእስያ አቆስጣዎች አራት እጅ ደረቅ መሬት፣ አንድ እጅ ውሃ ያዙ። 3 በ2 ሜትር ሆኖ በአማካይ 60 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ 3,600 ሊትር ይይዛል፤ በበጋ ቧንቧ ሲጠፋ ይህንንም መሙላት ጭንቅ ነው። የገንዳው አንዱ ጠርዝ ቀስ በቀስ ዘቅዝቆ ይውረድ። ክሎሪን የጸጉሩን ቅባት ስለሚያጥብ በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም አይለፍ፤ ውሃውን መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ አሳድሩት።

መኝታው 60 በ45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከወለሉ ከፍ ያለ የሳንቃ ሳጥን ነው። የሣር ድርቆሽ ሙሉበት። ጠዋት ጠዋት እጃችሁን ከትታችሁ ድርቆሹን ጨብጡት፤ መዳፍ ካቀዘቀዘ ረጥቧልና ለውጡት፤ ሻጋታ ከሸተተ ሳጥኑንም ፀሐይ ላይ አውጡት።

በቀን የክብደቱን 20 በመቶ ያህል ይበላል፦ 4 ኪሎ ለሚመዝን 800 ግራም፣ ሦስት አራት ጊዜ ተከፍሎ። ከጎርጎራ የሚመጣ ትኩስ ቀረሶ ዓሣ ከተገኘ ጥሩ ነው። ችግሩ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይወደዳል፤ ስለዚህ ብዙዎች ቀድመው ያከማቻሉ። በረዶ ውስጥ የከረመ ዓሣ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 እያጣ ይሄዳል፤ እንስሳው መንገዳገድ ሲጀምር መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ለአንድ ኪሎ ዓሣ 30 ሚሊ ግራም ቢ1 ስጡ፤ ክኒኑን በመጀመሪያው ዓሣ ስንጥብ (መተንፈሻ) ውስጥ ወትፉት፣ ሲርበው አይመርጥም።

እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው። ወንዱን እንዳትለዩት! ግልገል የሚያሳድጉት አብረው ነው። ሁለተኛ ሳጥን አስቀምጡ፤ እናት ስትረበሽ ግልገሎቿን በአፏ ይዛ መሄጃ ካጣች ስታንከራትታቸው ትጎዳቸዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጽዳቱ ከሳጥኑ ውጭ ብቻ ይሁን። የግልገሎቹ ዓይን በ40 ቀን አካባቢ ይገለጣል፤ ወላጆቻቸው ወደ ውሃ የሚጎትቷቸው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ቀድማችሁ የገንዳውን ውሃ ሆዳቸው እስኪነካ ድረስ ብቻ ዝቅ አድርጉት። መዋኘት አብሯቸው አይወለድም፤ ይሰምጣሉ።