ሐውልትን ከነዙሪያው እንዴት እናየዋለን?

አዲስ አበባ ውስጥ ሐውልት የምናየው ባብዛኛው በታክሲ መስኮት ነው። «ስድስት ኪሎ ወራጅ አለ!» እንላለን፣ እንወርዳለን፣ ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ሐውልቱ የመውረጃ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል። የአደባባይ ሐውልት ሙዚየም ውስጥ እንደተቀመጠ ዕቃ ብቻውን አይቆምም። ሰማዩ፣ መንገዱ፣ ጎረቤት ሕንፃው፣ በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አብሮት ይታያል። ከእነዚህ አንዱ ሲቀየር የሐውልቱም መልክ ይቀየራል። በከተማችን ሐውልቶች ላይ እየሞከርኩ የተማርኩትን አተያይ እነሆ። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

1. በእግር ሂዱ

በመኪና ሆኖ ሐውልት ማየት አይቻልም። እዚህ ላይ አልደራደርም።

2. ርቀታችሁን ፈልጉ

ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። አብዛኛው ሰው በቀጥታ ሐውልቱ ሥር ሄዶ ይቆምና አንገቱን አቅንቶ ሽቅብ ያያል፤ ሁለት ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን የሚታየው እግርና አገጭ ነው።

የከተማ ንድፍ አዋቂዎች ዘንድ የቆየ ልክ አለ። የሐውልቱን ቁመት ያህል ከራቃችሁ ዝርዝሩን ታያላችሁ። ሁለት እጥፍ ከራቃችሁ ሙሉ አካሉ በአንድ እይታ ይገባል። ሦስት እጥፍ ስትርቁ ደግሞ ከነአካባቢው ይታያል። ቁመቱን ለመገመት መሣሪያ አያስፈልግም። ጓደኛችሁን ሐውልቱ አጠገብ አቁሙት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በእስክሪብቶ የጓደኛችሁን ቁመት ለኩ፣ ከዚያ ያ ልክ ሐውልቱ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚደራረብ ቁጠሩ። በስልክ የሚለኩ መተግበሪያዎችም አሉ፤ እኔ ግን እስክሪብቶውን እመርጣለሁ፣ ዓይንን ያሠለጥናል።

ስድስት ኪሎ ላይ ሞክሩት። የየካቲት 12 መታሰቢያ ወደ 28 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ሙሉውን ለማየት 56 ሜትር ያህል፣ ከነአደባባዩ ለማየት 84 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ማለት ነው። ከዚያ ሲታይ ቀጥ ያለ፣ ዝም ያለ ድንጋይ ነው። መኪናው ይዞረዋል፣ ተማሪው ያልፋል፣ እሱ አይነቃነቅም።

አሁን ቅረቡ። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች፣ በነሐስ የሠሯቸው ቅርጾች ድንጋዩን ከበውታል። በ1929 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ የፋሺስት ወታደሮች በከተማው ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጭፍጨፋ ታያላችሁ። ይህን ከ84 ሜትር ማንም አያየውም። ከታክሲም አይታይም። ግቢው ክፍት ካልሆነ ከአጥሩ ዳር ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩት።

ታዲያ ትክክለኛው ርቀት የቱ ነው? ሁለቱም ነው። ልምምዱ ያለው በመካከላቸው በሚደረገው ጉዞ ላይ ነው። ከሩቅ ክብር ይታያችኋል፣ ከቅርብ ሰው ይታያችኋል። አደባባዩ በመኪና መከበቡ ሩቁን ብቻ አስቀርቶልናል ብዬ አምናለሁ። ቅርቡን የሚያገኘው ፈልጎ የሚሻገር እግረኛ ብቻ ነው። ስትሻገሩ በዜብራ ተሻገሩ፤ ዓይን ሽቅብ እያየ አስፋልት መሀል መቆም አደገኛ ነው።

3. ከጀርባው ምን እንዳለ እዩ

ፒያሳ፣ ምኒልክ አደባባይ። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ፈረሱ ሁለት የፊት እግሮቹን አንስቷል። ውበቱ ያለው እዚያ አየር ላይ ባሉት እግሮች ነው። ቀረብ ስትሉ ሐውልቱ ከፍ ያለ መሠረት ላይ ስለሆነ ከጀርባው ሰማይ ብቻ ይቀራል፤ የፈረሱ ቅርጽ ጥርት ብሎ ይወጣል። ወደ ኋላ ስትሸሹ ደግሞ ሕንፃና ዛፍ ይገባበትና ቅርጹ ይደበዝዛል። ስለዚህ የቅድሙ የርቀት ልክ እዚህ ጋ ብቻውን አይበቃም። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ጎንበስ። ሰማዩን እስክታገኙ ድረስ ተንቀሳቀሱ።

ጎረቤቶቹንም አትለፏቸው። አጠገቡ ታቦቱ ዓድዋ የዘመተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2016 ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ድሮ ንጉሡና ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሆነው ይነጋገሩ ነበር፤ አሁን ሦስተኛ ድምፅ መጣ፣ ያውም ግዙፍ። ፈረሰኛው አነሰ ወይስ ገነነ? ቆማችሁ ራሳችሁ ፍረዱ። እኔ ታሪኩ ገነነ፣ ነሐሱ ግን አነሰ እላለሁ።

4. ሰዓት ምረጡ

ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች የፊት ገጽ ሁሉ ይጠቁራል።

5. ያኔ ምን ነበር፣ አሁን ምን አለ?

ለዚህ የቆየ ፎቶግራፍ ያስፈልጋችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ፈልጋችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ቦታው ላይ ቆማችሁ አስተያዩት። ከማንኛውም የአስጎብኚ ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራል።

ሁለቱን አንበሶች እንውሰድ። የለገሃሩን የይሁዳ አንበሳ የሠራው ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ ነው። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሲቆም ሥራው እንግዳ መቀበል ነበር፤ ከጅቡቲ የመጣ መንገደኛ ሲወርድ የሚያየው እሱን ነው። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ሮም ወስደው፣ ዶጋሊ ላይ በ1879 በራስ አሉላ ጦር ለሞቱት ወታደሮቻቸው በቆመው መታሰቢያ ሥር አስቀመጡት። አስቡት። አንበሳው ያው ነው፣ ዘውዱም ያው ነው። ቦታው ብቻ ተቀየረ፤ ባለቤት የነበረው ምርኮኛ ሆነ። በ1930 ዘርዓይ ደረስ በፊቱ ተንበርክኮ የተቆጣው ይህን አይቶ ነው። አካባቢ በሐውልት ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። በኋላ አንበሳው ወደ አገሩ ተመለሰ። ዛሬ ግን የድሮው ባቡር ከዚያ አይነሳም። በር ጠባቂ ነው፣ በሩ ግን ሄዷል። ስታዩት የጎደለውን መንገደኛ ጨምራችሁ እዩት።

ሁለተኛው ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን 25ኛ የንግሥና ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1948 የቆመ ነው። ጠርዝ ጠርዝ ብሎ ስለተቀረጸ የጎን ብርሃን ይወዳል። ያን ጊዜ በአካባቢው ጎልቶ የሚታይ ነበር። አሁን እዚያው ሰፈር ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የንግድ ባንክ ሕንፃ አለ። ከሩቅ ካያችሁት ሕንፃው ይውጠዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቅረቡ፣ ሕንፃው ከዓይናችሁ እስኪወጣ ድረስ አቅጣጫ ቀይሩ፣ ከዚያ ደግሞ ሆን ብላችሁ መልሱት። ሁለቱም እይታ እውነት ነው።

6. በቀኑ ተመለሱ

የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ላይ አበባ ሲቀመጥ፣ የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ በፈረሰኛና በፉከራ ሲሞላ ሂዱ። የድንጋዩ ዙሪያ ሰው ይሆናል። ተራ ማክሰኞ ቀን ያያችሁትን ካላወቃችሁ ግን ልዩነቱ አይገባችሁም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ተራውን ቀን።

ስለ ስልክ አንድ ነገር፦ ዙም አታድርጉ። ዙም ዙሪያውን ቆርጦ ይጥላል፣ እኛ የመጣነው ደግሞ ለዙሪያው ነው። ጥበቃ ያለበት ሕንፃ አጠገብ ከሆናችሁ ከማንሳታችሁ በፊት ጥበቃውን ሰላም ብላችሁ ጠይቁ።

በአንድ ቀን ለማየት ከፈለጋችሁ ጠዋት ከስድስት ኪሎ ጀምሩ። በአራት ኪሎ አድርጋችሁ ፒያሳ ውጡ፣ ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ውረዱ፣ ለገሃር ላይ ጨርሱ። ፒያሳ ለመግባት ካለችው ዳገት በቀር መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ አመሻሹ ላይ ለገሃር ከደረሳችሁ ብርሃኑም ለአንበሳው ይመቻል።