የኦካዛኪን ጨዋታ እንዴት እንይ? ለአጭር አጥቂዎችና ለአሰልጣኞቻቸው

ቅዳሜ ጠዋት ከ15 ዓመት በታች ያሉ የሰፈር ልጆችን አሰለጥናለሁ። ከመካከላቸው አጠር ያለ፣ ፍጥነቱም መካከለኛ የሆነ አጥቂ አለ። አንድ ወር ሙሉ አንድ ጎል ብቻ ሲያገባ ከፋው። "ኮች፣ ተከላካይ ያድርጉኝ" አለኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት የጃፓናዊውን አጥቂ የሺንጂ ኦካዛኪን ጨዋታ አብረን እንይ አልኩት። እንዴት እንዳየነው ልንገራችሁ፤ ለናንተም ልጆች ይሆናል።

መጀመሪያ ሰውየውን አስተዋውቁት። ኦካዛኪ ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጃፓን ውስጥ በሺሚዙ ኤስ-ፐልስ ጀመረ። በ2011 ወደ ጀርመኑ ሽቱትጋርት፣ በ2013 እዚያው ጀርመን ወደ ማይንዝ፣ በ2015 ወደ እንግሊዙ ሌስተር ሲቲ ሄደ። ከዚያ ስፔን ተጫውቶ በ2024 ቤልጂየም ውስጥ ጫማውን ሰቀለ። ለብሔራዊ ቡድኑ በ119 ጨዋታ 50 ጎል አግብቷል። በጃፓን ከሱ በላይ ያሉት ኩኒሺገ ካማሞቶና ካዙዮሺ ሚዩራ ብቻ ናቸው። ልጄ ቁመቱን ሲሰማ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

ቀጥሎ ጎሎቹን ከሚጫወትበት ቦታ ጋር አገናኙለት። ማይንዝ እያለ በሁለት የውድድር ዘመን በጀርመን ሊግ፣ በቡንደስሊጋ፣ 27 ጎል አገባ። ሌስተር የእንግሊዝ ሻምፒዮን በሆነበት በ2015/16 ግን በሊጉ 36 ጨዋታ ላይ 5 ጎል ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "ወረደ" ይላል። ማይንዝ ላይ ከፊት የሚጨርሰው እሱ ነበር። ሌስተር ላይ ከፊቱ ጄሚ ቫርዲ አለ፤ እሱ ደግሞ ከቫርዲ ጀርባ ሆኖ የተጋጣሚን ኳስ የሚያስጨንቅ ሰው ሆነ። ሥራው ተቀየረ። ይሄን ለልጁ ረጋ ብላችሁ አስረዱት፤ ጎል ያጣ አጥቂ በጣም የሚፈልገው ነገር ነው።

አሁን ጨዋታ ምረጡ። እኔ የመረጥኩት ሌስተር በሜዳው ከኒውካስል ጋር እ.ኤ.አ. መጋቢት 2016 የተጫወተውን ነው፤ 1 ለ 0 ያሸነፉበትን። ሙሉውን ጨዋታ ፈልጉ። ሃይላይት አይሆንም፤ እዚያ ላይ የሚታየው ጎሉ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ሌላውን ደቂቃ ሁሉ ነው።

ወረቀት አምጡና ለሦስት ክፈሉት። አንደኛው ዓምድ ኳስ ወደ ያዘ ተከላካይ ሲሮጥ፣ ሁለተኛው ወደ አማካይ የሚወስደውን መንገድ ሲዘጋ፣ ሦስተኛው ጎል ፊት ተመልሶ የሚመጣ ኳስ ሲጠብቅ። ልጁ በእያንዳንዱ ላይ ጭረት ያድርግ። ዓይኑ ከኦካዛኪ እንዳይነሳ። ይከብዳል፤ ዓይን ኳሱን መከተል ለምዷል። በአሥረኛው ደቂቃ ልጄ ሦስት ጊዜ ኳሱን ሲከተል ያዝኩት። በሃያኛው ላይ ግን ዝም ብሎ ይጭር ነበር።

ሁለተኛው ዓምድ ላይ ቆም በሉ፤ ትልቁ ትምህርት እዚያ ነው። ብዙ ልጅ ወደ ተከላካይ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ተከላካዩ በጎኑ ለአማካዩ ያቀብላል፣ ሩጫውም ባከነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ አጥቂ ግን እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ይሮጣል። ኳስ ወደ ያዘው ሲጠጋ አማካዩ ከጀርባው ይቀራል። ተከላካዩ ወይ ኳሱን ወደ ፊት ይጠልዛል፣ ወይ ወደ በረኛው ይመልሳል። ያ የተጠለዘ ኳስ የሌስተሩ አማካይ ካንቴ እግር ስር ሲገባ ካያችሁ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሱና ማን እንዳስጠለዘው አሳዩት።

ጎሉ ላይ ስትደርሱ አቁሙት። የሌስተሩ ኦልብራይተን አሻማ፣ ቫርዲ በቴስታ መለሰው፣ ኦካዛኪ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ በመቀስ ምት አገባ። መቀስ ምቱን ሁሉም ያደንቃል፤ ይገባዋልም። እናንተ ግን ኳሱ ቫርዲ ጋ ከመድረሱ በፊት አቁሙትና "የት ነው የቆመው?" ብላችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው ዓምድ ሌላ ጨዋታ ያስታውሰኛል። ሰኔ 6 ቀን 2009 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ታሽኬንት ላይ ጃፓን ኡዝቤኪስታንን 1 ለ 0 አሸንፋ ለደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ አለፈች። ኦካዛኪ መጀመሪያ መታ፣ በረኛው መለሰበት። ራሱን ይዞ አልቆመም። የተመለሰውን ተከትሎ በቴስታ አስገባው። የኔ ልጆች ሲስቱ ሁልጊዜ ራሳቸውን ይይዛሉ፤ ስለዚህ ይሄን ጎል አምስት ጊዜ አሳየኋቸው።

ሜዳ ላይ ስትወጡ ሁለት ልምምድ ይበቃል። ለሩጫው፦ ሁለት ተከላካይና አንድ አማካይ ቁሙ፣ በአጥቂውና በአማካዩ መካከል አንድ የውሃ ጠርሙስ አስቀምጡ። አጥቂው በጠርሙሱ በውጭ በኩል ዞሮ ይጠጋ። አማካዩ ኳስ ካገኘ እንደገና። ለተመላሽ ኳስ፦ እናንተ ራሳችሁ በረኛው ላይ ምቱ፣ አጥቂው እግራችሁ ሲነሳ ይነሳ። በረኛው ኳሱን እስኪተፋ የጠበቀ አጥቂ ዘግይቷል።

ኦካዛኪ የሚታወቅበት ተወርውሮ በቴስታ መምታትም አለ። ልጆች ይወዱታል። ሣር ላይ ብቻ፣ መጀመሪያ ተንበርክከው፣ ቀለል ያለ ኳስ በእጅ እየተወረወረላቸው ይለማመዱ። ዓይን ክፍት፣ ግንባር፣ ከዚያ እጅ ቀድሞ መሬት ይንካ። ከ12 ዓመት በታች ላሉት እኔ አላሠራም፤ ጭንቅላታቸው ይበልጥብኛል።

አንድ ነገር ለአሰልጣኞች። ኦካዛኪ ሌስተር ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት ብዙ ጊዜ በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ ተቀይሮ ይወጣ ነበር። እንዲህ ሮጦ 90 ደቂቃ መጨረስ ከባድ ነው። ልጁን የምትቀይሩት ከሆነ ከጨዋታው በፊት ንገሩት፤ ሲወጣ እንደ ቅጣት እንዳይቆጥረው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ወረቀቱን ይዞ መጣ። በቤቱ ሌላ የሌስተር ጨዋታ አይቶ አራተኛ ዓምድ ጨምሮበታል። ርዕሱን በእጁ ጽፎታል፦ "ሌላ ሰው ያገባው፣ ኦካዛኪ የጀመረው"። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ወረቀታችሁን ስታዘጋጁ ለአራት ክፈሉት።