ግራዲየንቱ አልንቀሳቀስ ሲል

ባሕር ዳር ሆናችሁ የጣናን እምቦጭ አረም ስርጭት በሎጂስቲክ እኩልታ (መጀመሪያ በፍጥነት አድጎ ጣራው ጋ ሲደርስ የሚቆም ዕድገትን በሚገልጽ ቀመር) ሞዴል ለማድረግ የምትታገሉ ካላችሁ፣ ይቺን ያዙ።

እኩልታው ሁለት ፓራሜትር፣ ማለትም ከዳታው የምንገምታቸው ቁጥሮች፣ አለው፤ የዕድገት ፍጥነትና ጣራ፣ ማለትም አረሙ ሊሸፍን የሚችለው ከፍተኛ ስፋት። የመጀመሪያው በቀን 0.05 ቢሆን፣ ሁለተኛው በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ነው። እነዚህን በግራዲየንት ስንፈልግ፣ ማለትም የሞዴሉ ስህተት በሚቀንስበት አቅጣጫ በትንንሽ እርምጃ ስናስተካክላቸው፣ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ለፍጥነቱ የሚመች የእርምጃ መጠን ጣራውን ንቅንቅ አያደርገውም። ለጣራው የሚመቸው ደግሞ ፍጥነቱን ከዜሮ በታች ይወረውረዋል፤ ከዚያ ስሌቱ ገደል ይገባል።

መላው ቀላል ነው። ፓራሜትሮቹን ራሳቸውን ሳይሆን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝማቸውን ፈልጉ። ሞዴሉ ውስጥ ስታስገቡ ብቻ በኤክስፖኔንሻል መልሷቸው። አሁን የ0.1 እርምጃ ለሁለቱም የ10 በመቶ ገደማ ለውጥ ነው። ሁለቱም ሁሌ ከዜሮ በላይ ይሆናሉ። ግራዲየንቱን በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆነ ግን፣ እያንዳንዱን የግራዲየንት ክፍል በራሱ ፓራሜትር ማባዛት እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ ሁለት ሌሊት ኮዱን ስራገም አድሬያለሁ።

ፓራሜትሩ ዜሮ ወይም ኔጋቲቭ ሊሆን የሚችል ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም። ደግሞም ዳታችሁ አረሙ ገና መስፋፋት የጀመረበትን ጊዜ ብቻ ከያዘ፣ ጣራውን በሎጋሪዝምም አታገኙትም። ያኔ ዕድገቱ ንጹህ ኤክስፖኔንሻል (በየጊዜው በተመሳሳይ መቶኛ የሚጨምር) ስለሚመስል፣ ዳታው ስለ ጣራው የሚናገረው ነገር የለም። ዕድገቱ የቀዘቀዘበትን ጊዜ የሳተላይት ምስል ፈልጋችሁ ጨምሩ።